ለዋርካው ግድብ የተገዛው ኮምፒውተር

የመስኖ ጽሕፈት ቤቱ የግዥ ባለሙያ ታደሰ «አንድ የመጥለቂያ ኮምፒውተር» የሚለውን ጥያቄ አንብቦ፣ ፕሮፎርማ ሰብስቦ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን መርጦ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከነጠረጴዛው ገዛ። ፍቅርተ ተጠርታ ቢሮው ስትደርስ ኮምፒውተሩ ተሰክቶ፣ ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ሣር እያሳየ ይጠብቃት ነበር።

«ዋስትናም አለው» አላት ታደሰ።

«ውሃ ውስጥ ይዤው የምገባ ነው እኮ» አለች ፍቅርተ።

ታደሰ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ዋስትናው ውሃ የገባበትን ዕቃ እንደማይሸፍን ነገራት።

ክፉ ሰው አልነበረም። ኮምፒውተር ተብሎ ተጻፈለት፤ ኮምፒውተር ገዛ። ፍቅርተ የእጅ አንጓዋን አሳይታ፣ እዚህ ላይ የሚታሰር ነገር መሆኑን፣ ጠላቂው ምን ያህል እንደወረደና እንደቆየ፣ ሲወጣም የት የት ላይ ቆሞ መጠበቅ እንዳለበት የሚነግር መሆኑን አስረዳችው። «ታዲያ ሰዓት ብላችሁ አትጽፉም?» አለ። ኮምፒውተሩ ለመዝገብ ቤት ተሰጠ፤ የመዝገብ ቤቷም ሠራተኛ ደስ አላት። ለመጥለቂያው የተረፈው ገንዘብ ግን ይህ ነው የሚባል አልነበረም።

ፍቅርተ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። ገና በወጣትነቷ ለቤት ሠራተኝነት ግብፅ ሄዳ፣ ቀይ ባሕር ዳር ጠላቂዎችን የሚያሠለጥኑ ባልና ሚስት ቤት ገባች። መጀመሪያ የእንግዶቹን የጎማ ልብስ ታጥብ ነበር። ቀጥላ ሲሊንደሮቻቸውን አየር ትሞላ ጀመር። አንድ ቀን ሰው ጎደለና አንቺ ግቢ አሏት፤ ገባች። ከዚያ ወዲያ የምታጥበው የራሷን ልብስ ብቻ ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሯ ስትመለስ ሃምሳ ሜትር ወርደው፣ በየደረጃው እየቆሙ የመውጣት ሙያ ይዛ ነበር። ልብሷን፣ ሲሊንደሮቿንና አየር መሙያዋንም ይዛ መጣች፤ እጇ ላይ ታስረው የነበረው ኮምፒውተር ግን የአሠሪዎቿ ስለነበር እዚያው ቀረ። ደብረ ታቦር ተራራ ላይ ያለ ከተማ ነው። በአካባቢው ጥልቅ ውሃ ቢባል የጉድጓድ ነው። ስለዚህ ጎማ ቤት ከፈተች። እሱም አየር መሙላት ነው።

የዋርካው ግድብ ከሐሙሲት ወረድ ብሎ፣ ጠባብ ገደል ውስጥ ነው ያለው። ሲሠራ ከገደሉ ሥር አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። የአገሩ ሽማግሌዎች ዋርካው አይቆረጥም አሉ፤ ሠሪዎቹም ክርክሩ ሲሰለቻቸው ውሃው የፈቀደውን ያድርገው ብለው ተዉት። ውሃው ዋጠው። ዋርካው ለዓመታት ከነግርማው ከውሃ በታች ቆሞ ኖሮ፣ ዘንድሮ አንዱ ቅርንጫፉ ተገነጠለና የታችኛውን የውሃ መልቀቂያ ወተፈው። ከግድቡ በታች ሽንኩርት የተከሉ ገበሬዎች ቦዩ ደርቆባቸው ቀና ብለው ሲያዩ ግድቡ ሙሉ ነው። መሐንዲሱ ዓለምነው የውጭ ጠላቂዎችን ቢያጠያይቅ የጠየቁት ዋጋ ሌላ ግድብ የሚያሠራ ሆነበት። በመጨረሻ አንድ የሚኒባስ ሾፌር፣ ደብረ ታቦር ላይ ጎማ የምትለጥፍ ጠላቂ አለች አለው። ዓለምነው ሳቀ። ከሳምንት በኋላ፣ ነገሩ ቀልድ ከሆነም እንዳያፍር፣ ምንም ያልሆነ ጎማ ይዞ ጎማ ቤቷ መጣ።

ፍቅርተ ሥራውን እንደምትሞክረው፣ ነገር ግን ያለ ኮምፒውተርና ያለ ገመድ ያዥ እንደማትገባ ነገረችው። ኮምፒውተሩን ጽሕፈት ቤቱ ይግዛ፤ ገመድ ያዡን እሷ ታመጣለች። ገመድ ያዥ ማለት ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ ከጠላቂው ወገብ የታሰረውን ገመድ ይዞ፣ ገመዱ የሚናገረውን የሚሰማ ሰው ነው። እሷ እስከምታውቀው ድረስ እንዲህ ያለ ሰው በደቡብ ጎንደር አንድ ብቻ ነበር።

ጋሼ ይሻው በድሮው ባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። ባሕር ኃይሉ ሲበተን ጋሳይ ገብተው ድንች ተከሉ፤ ይኸው ጸጉራቸው ሸብቶም ድንች ነው። የመውጫ ሰንጠረዡን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል፤ ድንች ሲኮተኩቱ ያነበንቡታል ይባላል። ፍቅርተ ስትጠይቃቸው ገመዱን ለመያዝ ወዲያው እሺ አሉ። ያልገባቸው ኮምፒውተሩ ነው። ሰዓት እሷ አላት፣ ሰንጠረዡ እሳቸው ዘንድ አለ፤ ሦስተኛ ምን ያደርጋል?

ጥልቅ ውሃ ውስጥ የተተነፈሰ አየር ደም ውስጥ እንደሚሟሟ፣ ጠላቂው ቸኩሎ ከወጣም በድንገት እንደተከፈተ ለስላሳ በገላው ውስጥ እንደሚፈላ ሁለቱም ያውቃሉ። ፍቅርተን ያስጨነቃት ሌላ ነበር። የጋሼ ይሻው ሰንጠረዥ የተሠራው ለባሕር ነው። ከባሕር ዳር የመጣ ብስኩት ደብረ ታቦር ሲደርስ ማሸጊያው እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ወዳለበት የሚወጣ ጠላቂ ደግሞ በየደረጃው ከባሕሩ ሰው የበለጠ መቆየት አለበት።

«ጋሳይ ላይ ባቄላ ለመብሰል ከሐሙሲቱ አይዘገይም፣ ጋሼ?»

«እኔ ባቄላ ሲቀርብልኝ ነው የማውቀው» አሉ። ሆኖም ኮምፒውተር ስትመርጥ አብረው እንዲሆኑ ብትጠይቃቸው፣ ገበያ ስለነበራቸው መጡ።

አሚን ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ስልክ ይሸጣል፤ እህቱ ረሂማ ዱባይ ስላለች ሌላው ሱቅ የሌለው ዕቃ እሱ ዘንድ አይጠፋም። የመጥለቂያ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ከፍቅርተ ነው የሰማው። በሁለተኛው ቀን ግን በዕቃው ሲነግድ ያደገ ሰው መስሎ ጠበቃቸውና በስልኩ ሦስት ፎቶ አሳያቸው።

የመጀመሪያው ቀጭን፣ ባለ ቀለም፣ ዓይን የሚስብ ነበር። እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይለካል፣ ስልክ ሲደወል ይነዝራል። ፍቅርተ ስንት ዓይነት አየር እንደሚያውቅ ጠየቀች። ወደ ታች የምትወርድበት አየር አንድ ነው፤ ስትወጣ መጨረሻ ላይ የምትተነፍሰው፣ ኦክስጅን የበዛበት ደግሞ ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ለይቶ ማስላት አለበት። አሚን ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ አንድ ብቻ አለ። ሁለቱን የሚያውቀው የዚያው ዕቃ ወንድም ዋጋው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ርካሽ ነበር። ፍቅርተ እሱን ከቀይ ባሕር ታውቀዋለች። ዓሣ አይተው ቶሎ ለሚወጡ ሰዎች የተሠራ ነው፤ ከወሰነልሽ ካለፍሽና እንደ ሥርዓቱ ካልወጣሽ ያኮርፋል። ለሁለት ቀን ያህል ምንም አይነግርሽም።

«ልክ ስትፈልጊው?» አለ አሚን።

«ልክ ስፈልገው።»

«እንዲህ ያለ አዛዥ ነበረን» አሉ ጋሼ ይሻው።

ሦስተኛውን አሚን ሊያሳልፈው ሲል ነው ፍቅርተ እጁን የያዘችው። ያገለገለ ነው፤ ዱባይ ያለ አንድ ጠላቂ ሲጠቀምበት ኖሮ ለሽያጭ ያወጣው። መጠኑ የገላ ሳሙና ያህላል። መስታወቱ ተጭሯል። ቀለም የሚባል የለውም፤ ጥቁር ቁጥር በግራጫ ላይ ነው። ግን ሁለት ሦስት ዓይነት አየር ይለያል፣ የቦታውን ከፍታ ራሱ አውቆ ስሌቱን ያስተካክላል፣ ቢያልፉትም አያኮርፍም፤ የሚያወጣሽን መንገድ መንገሩን ይቀጥላል። ባትሪው ምን እንደሆነ ጠየቀች። አሚን ከመደርደሪያው አንድ ቀጭን የባትሪ ድንጋይ አንስቶ አሳያት። እንዲህ ያለው ሐሙሲትም፣ ጋሳይም፣ የትም አለ።

«እሱን አስመጣልኝ» አለች።

«ፍቅርተ፣ ይህን ከኔ ሱቅ ገዛሁ ብለሽ ለሰው እንዳታሳዪ» አላት። የምሩን ነው፤ አስቀያሚ ዕቃ ሸጦ አያውቅም። ጽሕፈት ቤቱ የተረፈችውን ገንዘብ ሰጠ፣ የጎደለውን ፍቅርተ ሞላች፤ ዕቃውም የሷ ሆነ።

ረሂማ ኮምፒውተሩን በልጅ ካልሲ ጠቅልላ በመንገደኛ እጅ ላከችው። ፍቅርተ በመጀመሪያ የተነፈሰ ጎማ በምትፈትሽበት የውሃ ገንዳ ውስጥ ከተተችው። ውሃው እንደነካው ራሱ በራ። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ የአይሱዙ ሾፌር አይቶት፣ ምን ሆኖ ነው አላት፤ ነቅቶ ነው አለችው። ቀጥላ በሚኒባስ ጋሳይ ድረስ ይዛው ሄደች። ከፍታው ሲለወጥ እሱም ስሌቱን ለወጠ። ጋሼ ይሻው ከማሳቸው ወጥተው አገላብጠው አዩት።

«ዝናብስ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያስ አንድ ሰው ከላይ ያስፈልጋል» ብለው መለሱላት።

ሥራው ለሚያዝያ ተቀጠረ። በዚያ ጠዋት ግድቡ ዳር የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች፣ የቀበሌው ሹሞች፣ ሽንኩርታቸው የጠወለገባቸው ገበሬዎችና አንድ ጎታች መኪና ተሰበሰቡ። ፍቅርተ ልብሷን ከለበሰች በኋላ የመጨረሻ ጥያቄዋን አቀረበች። ቅርንጫፉ ሲነሳ መልቀቂያው ክፍት ከሆነ ውሃው እሷንም ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከግድቡ በስተጀርባ ያለው መዝጊያ ተዘግቶ፣ ቁልፉ ጋሼ ይሻው ኪስ ውስጥ ካልገባ አትገባም። ዓለምነው ቁልፉን ሰጣቸው። ትንሽ ቆሞም ከሌላኛው ኪሱ መለዋወጫውን አውጥቶ እሱንም ሰጣቸው። ፍቅርተ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰውየውን ወደደችው።

ከጋሼ ይሻው ጋር የገመዱን ቋንቋ ደገሙት። አንድ ጊዜ መሳብ ደህና ነኝ ነው። ሦስት ጊዜ መሳብ ውጪ ነው። ከገመዱ ሌላ በቀጭን ሲባጎ የታሰረች፣ በእርሳስ የሚጻፍባት የላስቲክ ሰሌዳ ነበረቻቸው፤ ገመድ ለማይችለው ወሬ።

ወረደች። ውሃው መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ምንም ሆነ። መብራቷን ስታበራ ዋርካው ከፊቷ ቆሞ አገኘችው፤ ቅጠል የለውም እንጂ ቁመናው አልጎደለም። በግንዱ ዳር ዳር አልፋ አርባ ሦስት ሜትር ላይ መልቀቂያው ዘንድ ደረሰች። ቅርንጫፉ የሰው ወገብ ያህል ይወፍራል፤ ግማሽ አካሉ አፉ ውስጥ ነው። የጎታቹን ገመድ አሰረችበትና የሚይዙትን ትንንሽ ቅርንጫፎች በመጋዝ መቁረጥ ጀመረች። የበሰበሰ መስሏት ነበር። አልበሰበሰም። ካሰበችው በላይ ቆየች፤ ኮምፒውተሩም ቁጥር እየጨመረ፣ ስትወጣ የምትቆምባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እየደረደረላት ሄደ። አላኮረፈም። የመጨረሻው ሲለቅ መጋዟን አንጠልጥላ መውጣት ጀመረች።

በየደረጃው ቆመች፤ በነገራት ቦታ፣ የነገራትን ያህል። ስድስት ሜትር ላይ ኦክስጅን ወደበዛበት ሁለተኛው ሲሊንደር ዞረችና ለኮምፒውተሩም አስታወቀችው፤ እሱም ከሚጠበቀው ላይ ጥቂት ቀነሰላት። ሦስት ሜትር ላይ ስትደርስ የጀልባዋን ሆድ ከበላይዋ አየችው። ረዥሙ ማረፊያ ይህ ነበር። እዚያ እያለች ነው የውሃው ፊት በአንድ ጊዜ የነጣው። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ነጫጭ ጠጠሮች ውሃውን እየበሱ ገብተው ተመልሰው ሲንሳፈፉ አየች። በረዶ ነው። ብልጭታም መጣ፤ የገደሉ ነጎድጓድ ደረቷ ውስጥ ተሰማት።

ገመዱ ሦስት ጊዜ ተሳበ።

ኮምፒውተሩን አየች። ገና ነው። አንድ ጊዜ መለሰች።

ሦስት ጊዜ ተሳበ። አንድ ጊዜ መለሰች። እንዲህ ተባብለው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ሰሌዳዋ በሲባጎው ወረደች። በጋሼ ይሻው የጠበበ ጽሕፈት «በሰንጠረዡ ጨርሰሻል» ይላል።

ፍቅርተ ከሥሩ «ሰንጠረዡ የባሕር ነው» ብላ ላከች።

ሰሌዳዋ ተመለሰች፦ «በረዶ።»

«እዚህ የለም» ብላ ጻፈች።

ከዚህ በኋላ ሰሌዳዋ አልወረደችም። ፍቅርተ ጀልባዋ ወደ ዳር ትቀዝፋለች ብላ ጠበቀች። ቢሄዱም አትፈርድባቸውም ነበር፤ መብረቅ ባለበት በውሃ መሐል በጀልባ ላይ የሚቀመጥ ሰው ልጆች ያሉት ሰው አይደለም፣ ጋሼ ይሻው ደግሞ አምስት አሏቸው። ለሷም ቢሆን ሦስት ሜትር ውሃ ከመብረቅ መጠለያ እንዳልሆነ ታውቃለች። ሆኖም ላይ ያለው ሊመታትም ላይመታትም ይችላል፤ ቸኩላ ብትወጣ ደሟ ውስጥ ያለው ግን እንደሚመታት አልተጠራጠረችም። ከሁለቱ የምታውቀውን ፈራች። ጀልባዋም ንቅንቅ አላለችም። ሦስቱ መሳብ ቀርቶ ገመዱ አሁን በየጊዜው አንድ ጊዜ ይሳባል። እሷም አንድ ጊዜ ትመልሳለች። ቁጥሩ ዜሮ እስኪሆን ድረስ የተነጋገሩት ይህንኑ ነው።

ስትወጣ በረዶው ወደ ዝናብ ተለውጦ ነበር። ዳር ላይ ሰው የለም፤ ሁሉም መኪና ውስጥ ገብቷል። ጋሼ ይሻው ግማሽ ድረስ በበረዶ በተሞላ ጀልባ ውስጥ፣ ኮፍያቸውን አጥተው፣ ገመዱን በእጃቸው ጠምጥመው ተቀምጠዋል። ግንባራቸው ላይ ሁለት ቦታ አብጧል።

«በኔ ሰንጠረዥ ቢሆን እስካሁን ወጥተሽ ምሳ በልተሽ ነበር» አሏት።

ዝናቡ ሲያባራ ጎታቹ መኪና ቅርንጫፉን ስቦ አወጣው። ቁልፉ ከጋሼ ይሻው ኪስ ወጥቶ መዝጊያው ሲከፈት ቦዩ መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ ቀጥሎ ውሃ። ገበሬዎቹ ቦዩን እየተከተሉ ሄዱና ግድቡ ዳር ባዶ ሆነ።

ዓለምነው በደስታ ፊቱ ቀልቶ መጣ። ደብረ ታቦር ላይ አቀባበል ተዘጋጅቷል፤ በግ ታርዷል፤ መኪናው ይኸው። ፍቅርተ ክንዷን ዘረጋችለት። በተጫረው መስታወት ጥግ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ትታያለች፤ አትብረሪ ማለት ነው።

«በመኪና እኮ ነው የምንሄደው» አለ።

«ለሱ ያው ነው። ከዚህ ደብረ ታቦር ድረስ ያለው ዳገት እንደ መብረር ነው። ምልክቱ እስኪጠፋ ሐሙሲት አድራለሁ።»

ዓለምነው አሰበና፣ እንግዲያስ ወንዛዬ ልውሰድሽና በፍል ውሃው ታጠቢ፣ ብርዱ ይውጣልሽ አለ። ያም እንደማይሆን ነገረችው፤ ትኩስ ውሃ አሁን ገላዋ ውስጥ ያለውን አየር ሊያስቸኩለው ይችላል። ዓለምነው ምግብ መብላት ይፈቀድላት እንደሆነ ጠየቀ። ይፈቀድላታል።

አቀባበሉ ጠላቂዋ በሌለችበት ተደረገ። ንግግር ተደርጎ፣ በጉ ተበልቶ፣ ለሥራው መሳካት አስተዋጽኦ ላደረጉ ሠራተኞች የምስጋና ወረቀት ተሰጠ፤ ታደሰ ኮምፒውተር በመግዛት ተሸለመ። ይህን ዓለምነው በስልክ ሲነግራት ድምፁ እንደ ማፈር ብሎ ነበር። ፍቅርተ ወረቀቱ ይገባዋል አለችው፤ በጊዜው የገዛው እሱ ብቻ ነው።

ጋሼ ይሻው ወደ ደብረ ታቦር እንዲሄዱ ቢለመኑ እምቢ አሉ። ሳይጠልቁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ የሚከለክላቸው ምልክት የለም። ሐሙሲት አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ከፍቅርተ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዓሣ አዘዙ። ገመዱ የላጠው መዳፋቸው ዓሣውን ለመቁረስ ስላስቸገራቸው እሷ እየፈለፈለች አቀረበችላቸው። ለምን ወደ ዳር እንዳልቀዘፉ ጠየቀቻቸው።

እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ።

«ገመዱን ስስብ ትመልሻለሽ» አሉ። «እስከምትመልሺ ያለችው ጊዜ ናት የምትከብደው። ከመለስሽ በኋላ በረዶው በረዶ ብቻ ነው። ከምጽዋ ወዲህ ከወዲያ ጫፍ የመለሰልኝ ሰው የለም፤ ድንች አይመልስም።»

ፍቅርተ የዓሣውን ጀርባ ገልብጣ የተሻለውን ሥጋ ወደሳቸው ገፋችው። እሳቸውም በሉ።

በማግስቱ አውሮፕላኗ ጠፍታ ስለነበር በሚኒባስ ወጡ። ዳገቱ ላይ ፍቅርተ ትከሻዋን፣ ክርኗን፣ ጉልበቷን እያዳመጠች ተጓዘች። የሚያማት ነገር አልነበረም። ጋሼ ይሻው አጠገቧ ሆነው ሰንጠረዡን አላነበነቡም። ከጥቂት ቀን በኋላ ገበሬዎቹ የመጣው ውሃ ጭቃ አለበት ብለው ለጽሕፈት ቤቱ አቤት አሉ። ዓለምነው ደወለላት፤ ይጠራል አለችው። ጠራ።

ግንቦት ሲገባ ጋሼ ይሻው አዲስ ኮፍያ አድርገው ጎማ ቤቷ መጡ። ከሆስፒታል ነው የመጡት። ልባቸውን፣ ሳንባቸውንና ጆሯቸውን አስመርምረዋል። ሐኪሙ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ምርመራ ለምን እንደፈለገ ቢጠይቃቸው፣ ለሥራ ነው ብለውታል። ሁሉም ለዕድሜያቸው ደህና ነው።

«ዋርካው ቆሟል ብለሽኛል» አሏት።

«ቆሟል።»

«ጫፉ ስንት ሜትር ላይ ነው?»

«ውሃው ስለቀነሰ ስድስት አካባቢ።»

«ስድስት ሜትር የጀማሪ ነው።»

ፍቅርተ የያዘችውን ጎማ አስቀመጠችና ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። ሆዳቸው ትንሽ ወጣ ብሏል፤ ትከሻቸው ግን አሁንም የጠላቂ ነው።

«ጀማሪ ነዎት እኮ፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ከጅምሩ ነው የምንጀምረው። መጀመሪያ ሐይቅ ዳር፣ ቁመትዎ ውሃ ውስጥ።»

ጋሼ ይሻው ይህን ነገር ጥቂት አላመጡት። ከዚያ የጎማ ልብስ በሳቸው ልክ ይገኝ እንደሆነ ጠየቁ። ፍቅርተ ስልኳን አውጥታ ለአሚን ደወለች፤ አሚንም አስቀያሚ እንዳይሆን ብቻ ለመናት።